ሁሉም በአንድ ወገን የሚዞርበት አደባባይ

ቦድሃናት በኔፓል ዋና ከተማ በካትማንዱ ሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ ከትሪቡቫን አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ ክብ አደባባይ ነው። የሰፈሩ ሰው ስሙን አሳጥሮ «ቦድሃ» ይለዋል። መሐሉ ላይ 36 ሜትር ከፍታ ያለው ነጭ ስቱፓ ጉብ ብሏል። ዙሪያውን ደግሞ ፎቅ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ከበውታል። በስቱፓውና በቤቶቹ መካከል የቀረው፣ ድንጋይ የተነጠፈበት ቀለበት ነው እንግዲህ አደባባይ የተባለው።

ስቱፓ እንደ ቤተ ክርስቲያን ወይም እንደ መስጊድ ተገብቶ የሚጸለይበት ቤት አይደለም። ውስጡ ድፍን ነው። ከጥንት ቡድሃዎች የአንዱ፣ የካሳፓ ዐፅም አርፎበታል ተብሎ ይታመናል፤ ስለዚህ አማኙ ዙሪያውን ይሄዳል፣ መሄዱም ራሱ ጸሎት ሆኖ ይቆጠርለታል። በንግሥ ዕለት ታቦት ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ሲዞር እያየ ያደገ ሰው በዚህ ብዙም አይገረምም። የቦድሃው ዑደት ግን ንግሥ አይጠብቅም። ጎህ ሳይቀድ ይጀመራል፣ ቀኑን ሙሉ ሲቀዘቅዝና ሲደምቅ ይውላል፣ ማታ መብራት ሲበራ እንደገና ይሞላል።

የጉዞ መጻሕፍት ቦታውን «ሰላማዊ» እያሉ ያስተዋውቁታል። ይህን አንብቦ ጸጥታ ፍለጋ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚቀበለው ዋናው መንገድ ነው፤ ጥሩምባ፣ አቧራ፣ በእግረኛ መሐል የሚሽሎኮሎክ ሞተር ሳይክል፣ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የሚጣራበት ሚኒባስ። የአዲስ አበባ ሰው እዚህ ላይ ከአገሩ መውጣቱን ይጠራጠራል። የአደባባዩን በር አልፎ ሲገባ ጥሩምባው ከኋላው ይቀራል፤ ጸጥታ ግን አሁንም የለም። የሙዚቃ ሱቆቹ «ኦም ማኒ ፔሜ ሁም» የሚለውን የጸሎት ዜማ እያዞሩ ደጋግመው ያሰማሉ። ደወል ይደወላል፤ እርግቦች በመንጋ ተነሥተው በመንጋ ያርፋሉ፤ ነጋዴው ይጣራል፤ ሕፃን ያለቅሳል። ሰላም የተባለው ሌላ ነገር ነው። መኪና አይገባም፤ የገባው ሰው ሁሉ ደግሞ በአንድ ወገን ይዞራል። ከፊት ለፊት የሚመጣ ስለሌለ የሚጋጭ ትከሻ የለም፣ መንገድ ልቀቅ የሚል የለም፣ ቀድሞ ለማለፍ የሚሽቀዳደምም የለም፤ ቀድሞ የደረሰ ሰው የሚደርሰው ከተነሣበት ቦታ ነውና። አዲስ አበባ ላይ አደባባይ የሚዞረው መኪና ነው፣ ሰውየው ዳር ቆሞ ለመሻገር ዕድሉን ይጠብቃል። ቦድሃ ላይ ነገሩ ተገልብጦ ሰው ሲዞር መኪናው ውጭ ቆሞ ይጮኻል።

ሕጉ አንድ ብቻ ነው። ስቱፓው ሁልጊዜ በዞሪው ቀኝ እጅ በኩል መሆን አለበት። ዘበኛ አያስከብረውም፤ የሚያስከብሩት አሮጊቶቹ ናቸው። ቀሚሳቸው ላይ ባለ መስመር ሽርጥ ያሰሩ የቲቤት እናቶች በግራ እጃቸው መቁጠሪያቸውን እየፈተሉ፣ ከጎን ካለችው ጎረቤት ጋር የሰፈሩን ወሬ እያወጉ ይዞራሉ። የመቁጠሪያው ፍሬ 108 ነው፤ የወሬው ብዛት ግን አይቆጠርም። ጸሎቱና ሐሜቱ በአንድ አፍ እንዴት እንደሚሄዱ ለውጭ ሰው ምስጢር ነው፤ ጣት ከፍሬ ወደ ፍሬ ሲያልፍ ምላስ ከሰው ወደ ሰው ያልፋል፣ አንዱ ሌላውን አያደናቅፍም። በዚህ መሐል ስልኩን ከፍ አድርጎ ራሱን ፎቶ እያነሳ በተቃራኒው የሚመጣ ጎብኚ አይጠፋም። የሚቆጣው የለም። አንዲት አሮጊት ቀና ብለው ያዩታል፣ እሱም ወዲያው ዞሮ አብሯቸው መሄድ ይጀምራል።

ከአሮጊቶቹ ኋላ ከሥራ የወጣው የቢሮ ሠራተኛ ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ ይመጣል። ተማሪው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ሐኪም «ተራመድ» ያለው ባለ ስኳር፣ ጥቁር ቀይ ልብስ የለበሰ መነኩሴ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ አሉ። ለጽድቅ የሚዞረውን ለጤና ከሚዞረው መለየት አይቻልም፤ ማንም ሊለየውም አይሞክርም።

የስቱፓው መነሻ ታሪክ በሁለት ወገን ይነገራል። የታሪክ ሰዎች ሥራውን በሊቻቪ ነገሥታት ዘመን፣ አምስተኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ያደርጉታል፤ የትኛው ንጉሥ እንደሆነ ግን ዜና መዋዕሎቹ አይስማሙም። ሕዝቡ የሚያወራው ግን ንጉሥን ሳይሆን ዶሮ አርቢዋን ጃድዚማን ነው።

ጃድዚማ አራት ልጆቿን ዶሮ እያረባች ካሳደገች በኋላ በጥሪቷ ስቱፓ ለማሠራት አሰበች። ንጉሡ ዘንድ ቀርባ መሬት ለመነች። ብዙ አልጠየቀችም፤ አንድ የጎሽ ቆዳ የሚሸፍነውን ያህል ብቻ ነበር። ንጉሡ እሺ አሉ። ሴትየዋ ቆዳውን ወስዳ እንደ ጠፍር አቅጥና ሰነጣጠቀችው፣ ጠፍሩን ጫፍ ለጫፍ አገናኝታ መሬት ላይ ዘረጋችው፤ የከበበው ሜዳ አሁን ስቱፓው የቆመበት ሆነ። ባላባቶቹ ተንጫጩ። ዶሮ አርቢ ይህን ካሠራች እኛ ምን ልንሠራ ነው ብለው ንጉሡ ፈቃዱን እንዲሰርዙ አቤት አሉ። ንጉሡም አንዴ ከተፈቀደ አይከለከልም አሉና ነገሩ ተቋጨ። የይዞታ ማረጋገጫ ለማውጣት ከመስኮት መስኮት የተንከራተተ አንባቢ በዚህ ተረት ውስጥ ለማመን የሚቸግረው ክፍል ቆዳው ሳይሆን የመጨረሻው ፍርድ ነው። ጃድዚማ ሥራው ሳያልቅ ሞተች፤ የጨረሱት ልጆቿ ናቸው ይባላል።

ከዚሁ ጋር የሚነገር ሌላ ወግ አለ። ስቱፓው ሲሠራ አገሩን ድርቅ መትቶት ስለነበር ለጭቃ የሚሆን ውሃ ጠፋ። ሠራተኞቹ ማታ ማታ ጨርቅ ሜዳ ላይ እያሰጡ ያድራሉ፤ ንጋት ላይ ጤዛውን ከጨርቁ ጨምቀው ጭቃቸውን ያቦካሉ። ያን ሁሉ ግንብ በጤዛ ማቡካት ስንት ሌሊት እንደሚፈጅ ተረቱ አያሰላም።

ሕንፃው ከታች ወደ ላይ ሲታይ መጀመሪያ ደረጃ ደረጃ ሆነው የተደራረቡ ሰፋፊ መደቦች አሉ፤ በላያቸው እንደ ተደፋ ጽዋ ያለ ነጭ ግማሽ ክብ፣ ከዚያ አራት ማዕዘን ግንብ፣ በግንቡ ላይ እየጠበቡ የሚሄዱ 13 ደረጃዎች፣ ጫፉ ላይ በወርቅ የተለበጠ ጃንጥላና ጉልላት። 13ቱ ደረጃዎች ወደ ፍጹም ማስተዋል የሚወስዱ እርከኖች ናቸው። በነጩ ክብ እግር ሥር አሚታብሃ የተባለው ቡድሃ 108 ትንንሽ ምስሎች ተደርድረዋል። በአራት ማዕዘኑ ግንብ ላይ በአራቱም አቅጣጫ ሁለት ሁለት ዓይኖች ተሥለዋል፤ ግማሽ ክድን ያሉ፣ የማይቆጡ፣ የማይስቁም። ከዓይኖቹ በታች አፍንጫ መስሎ የተጠማዘዘው ምልክት የኔፓል ቁጥር «አንድ» ሲሆን አንድነትን ያመለክታል፤ ለማያውቀው ግን ቁርጥ የጥያቄ ምልክት ነው። አደባባዩ ላይ የትም ተቆመ የት ከእነዚያ ዓይኖች መሸሸግ አይቻልም። የኪስ ሌቦች ስለዚህ ጉዳይ ምን እንደሚያስቡ ባይታወቅም፣ ለእርግቦቹ ግን ምንም አልመሰላቸውም፤ ያው ዓይን ላይ ያርፋሉ።

በግርጌው አጥር ዙሪያ 147 መስኮት መሳይ ጎድጓዳዎች አሉ፤ በየጎድጓዳው አራት ወይም አምስት የመዳብ መንኮራኩሮች ቆመዋል። በየመንኮራኩሩ ሆድ ውስጥ ጸሎት እጅግ ብዙ ጊዜ የታተመበት ወረቀት ተጠቅልሎ ገብቷል። መንኮራኩሩ አንድ ዙር ሲዞር በውስጡ ያለው ሁሉ እንደተነበበ ይቆጠራል። ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ከሚያነበው መነኩሴ እኩል እንዲጸልይ ያስቻለ ብልሃት ነው፤ ለሰነፉም በጅቷል። መያዣዎቹ ከእጅ ብዛት ለስልሰው ያበራሉ። ልጆች አንዱን በኃይል አሽከርክረው ሳይቆም ሁሉንም ለማዳረስ ይሮጣሉ፤ ሽማግሌዎቹም ከመንገድ ዘወር ይሉላቸዋል።

ወደ ስቱፓው መደብ የሚያስወጣው በር አጠገብ አጂማ የምትባል እንስት አምላክ ትንሽ መቅደስ አላት። አጂማ ልጆችን ከበሽታ፣ በተለይም ከፈንጣጣ የምትጠብቅ ናት። ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ1980 ቢታወጅም አጂማ ከሥራ አልተሰናበተችም። እናቶች፣ ቡድሂስቶቹም ሂንዱዎቹም፣ አሁንም ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ልጅን የሚያሰጋ ነገር መቼ ይጠፋል።

ከአንድ ወገን ደግሞ ሌላ ድምፅ ይሰማል፤ እንጨት ከእንጨት ጋር እየተፋተገ ሽው የሚል። ሰጋጆቹ ናቸው። በመዳፋቸው ሥር ትንንሽ ጣውላ አስረዋል፣ ጉልበታቸው ላይ ወፍራም ጨርቅ ጠቅልለዋል። እጃቸውን ግንባር፣ ጉሮሮና ደረት ላይ አድርሰው ይንበረከኩና መዳፋቸውን በተዘረጋው ሳንቃ ላይ እያንሸራተቱ በሆዳቸው እስኪተኙ ይዘረጋሉ፤ ከዚያ ተነሥተው እንደገና። በዕድሜ ብዛት ሳንቃው መሐል ላይ ቦይ አበጅቷል። አንዳንዱ ሰው የአንድ መቶ ሺህ ስግደት ስእለት አለበት። አጠገቡ አውሮፓዊ ወጣት ከዮጋ ትምህርት ቤት ያመጣውን ምንጣፍ ዘርግቶ ይሞክራል፤ ሰባኛ ዓመታቸውን ያለፉት ጎረቤቱ እሱ ትንፋሽ እስኪሰበስብ ጥቂት ጥቂት እያሉ ይቀድሙታል።

ነጩ ግማሽ ክብ ነጭ ሆኖ የሚቆየው በራሱ አይደለም። ሠራተኞች በየጊዜው ኖራ በባልዲ ተሸክመው ወጥተው ይቀቡታል። ኖራው ሲደርቅ ደግሞ በሳፍሮን የቀላ ቢጫ ውሃ ይመጣል። ሠራተኛው ቁልቁለቱ ላይ እግሩን አጽንቶ ይቆማል፣ ባልዲውን ወደ ኋላ ይስባል፣ ከወገቡ ዞሮ ውሃውን በአንድ ውርወራ ይለቀዋል፤ ውሃው በአየር ላይ ቅስት ሠርቶ ኖራው ላይ ሲያርፍ የሎተስ አበባ ቅጠል ቅርጽ ይተዋል። ቀጥሎ ያለው ቅስት ከቀደመው ጎን በልኩ መውደቅ አለበት። እርሳስ የለ፣ ማስመሪያ የለ፣ የፈሰሰ ውሃም አይታፈስም። ወጪውን የሚችል በጎ አድራጊ ይከፍላል፤ ዝናቡና እርግቦቹ ያጠፉታል፤ ሌላ በጎ አድራጊ ይከፍላል። አደባባዩ ላይ ከሚሠራው ጥበብ ሁሉ የላቀው ይህ የባልዲ ሥራ ሆኖ ሳለ ጎብኚው በብዛት ካሜራውን የሚያዞረው ወደ ዓይኖቹ መሆኑ ያሳዝናል።

ኔፓልን የመታው ትልቁ የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 25 ቀን 2015 እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ነው። ኢትዮጵያ በራሷ አቆጣጠር ሚያዝያ 17 ቀን 2007 ላይ ነበረች፤ ኔፓል ደግሞ በራሷ 2072 ገብታለች። ከፈረንጅ ኋላ በመቅረት የሚታማ አገር ሰው ወደፊት በመሮጥ የሚብስ ሌላ አገር ሲያገኝ ደስ ይለዋል። ሰዓቷም ቢሆን ከጎረቤቷ ከሕንድ በ15 ደቂቃ ይቀድማል። ወደ ቁም ነገሩ ስንመለስ፣ መጠኑ 7.8 ሆኖ የተመዘገበው ያ መንቀጥቀጥ ወደ 9 ሺህ የሚጠጋ ሰው ገደለ፣ በካትማንዱ ሸለቆ ብዙ ጥንታዊ ቤተ መቅደሶችን አፈረሰ። የቦድሃ ስቱፓ አልወደቀም፤ ግን የላይኛው ክፍሉ ክፉኛ ስለተሰነጠቀ ከግማሽ ክቡ በላይ ያለው ተነሥቶ እንደገና መሠራት ነበረበት። ከ30 ኪሎ ግራም በላይ ወርቅና ከሁለት ሚሊዮን ዶላር የሚበልጥ ገንዘብ ፈጀ። ወጪው የተሸፈነው በቡድሂስት ማኅበራትና በግለሰቦች መዋጮ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ደግሞ ጉልበቱን አዋጣ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 2016 ሲመረቅ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተገኝተዋል። ለምረቃ መገኘት በየትም አገር ያው ነው።

ስቱፓው ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው ሰባት የካትማንዱ ሸለቆ ሥፍራዎች አንዱ ነው። ለቲቤታውያን ግን ከምዝገባ በፊት ብዙ ዘመን የታወቀ ነበር። ከቲቤት ዋና ከተማ ከላሳ በሂማላያ አልፎ የሚወርደው የንግድ መንገድ በዚህ ያልፍ ስለነበር ነጋዴው ተራራውን ከመውጣቱ በፊት እዚህ ይለምናል፣ በሰላም ከገባም እዚሁ ያመሰግናል። እ.ኤ.አ. በ1959 የቲቤት መንፈሳዊ መሪ ዳላይ ላማ ወደ ሕንድ ሲሰደዱ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ቲቤታዊ ተከትሏል፤ ወደ ኔፓል ከገባውም ብዙው በቦድሃ ዙሪያ ሰፈረ። በስንዴና በሩዝ ማሳ መሐል የነበረው መንደር በገዳማት ተከበበ፤ አሁን በየመንገዱ መታጠፊያ ላይ የገዳም ጣሪያ ይታያል።

ስደተኛው ምግቡንም ይዞ መጣ። የቲቤታውያን ዋና ስንቅ ጻምፓ የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው፣ ማለትም በሶ። በሻይ ወይም በቅቤ ለውሰው በእጃቸው እየጨበጡ ይበሉታል። ሻያቸው ደግሞ ጨውና ቅቤ አለው። ፈረንጁ አንድ ጊዜ ቀምሶ ፊቱን ያጨፈግግና ጽዋውን በአክብሮት ያስቀምጣል፤ በገጠር ቡናን በጨውና በቅቤ ሲጠጣ ያደገ ኢትዮጵያዊ ግን ይድገሙኝ ሊል ይችላል። በአዲስ ዓመታቸው በሎሳር፣ በየካቲት ወይም በመጋቢት ግድም፣ አደባባዩ ላይ በሶውን እየዘገኑ ወደ ሰማይ ይበትናሉ። ፀጉሩና ትከሻው ነጭ ያልሆነ ሰው ያኔ በዓሉ አልደረሰውም ማለት ነው። በዚያ ቀን ጥቁር ኮት ለብሶ የሚመጣ ሰው የራሱ ጉዳይ ነው።

ከበው የቆሙት ቤቶች ምድር ቤታቸው ሱቅ፣ ጣሪያቸው ካፌ ነው። ሱቁ መቁጠሪያ፣ ዕጣን፣ የነሐስ ጎድጓዳ ሳህንና ታንካ የሚባለውን በጨርቅ ላይ የሚሣል ቅዱስ ሥዕል ይሸጣል። የታንካ ነጋዴ ቤቱ ትምህርት ቤት ነው እንጂ ሱቅ አይደለም ይላል፤ «ማየት በነጻ ነው» ብሎ ያስገባል፣ ሻይ ያዝዛል፣ የብሩሹ ፀጉር ቁጥር ስንት እንደሆነ፣ ወርቁ እንዴት እንደሚፈጭ፣ ሥዕሉ ስንት ወር እንደፈጀ በዝግታ ያስረዳል። ይህን ሁሉ ሰምቶ ባዶ እጁን መውጣት የቻለ እንግዳ ጨክኖ ነው። ካፌው ላይ ደግሞ እይታው ይሸጣል፤ ስቱፓው በደንብ የሚታይበት ወንበር ላይ የቀረበ ሞሞ የሚባል ሥጋ የተሞላ ሊጥ ከኋላው ሰፈር ከሚሸጠው ጋር በሥጋ አይለይም፣ በሂሳብ ግን ይለያል። ለእርግቦቹ የሚሸጠው በቆሎም እዚሁ አደባባይ ላይ ነው። ሻጯ በሰሐን እየሰፈረች ትሰጣለች፣ ገዢው ይበትናል፣ እርግቦቹ ይለቅሙታል፤ በልተው የሚያደርጉት ስቱፓው ላይ ያርፋል፤ ኖራ ቀቢው እንደገና ይጠራል። ኑሮ ለሁሉም ይቀጥላል።

ውሾቹም አሉ። ጠዋት ፀሐይ የመታው መደብ ላይ ተጋድመው የዞሪው ሕዝብ ሲዘልላቸው ዓይናቸውን አይገልጡም። አይባረሩም። ኔፓላውያን በቲሃር በዓል ለውሻ ብቻ የተለየ ቀን አላቸው፤ በዚያ ቀን አንገቱ ላይ የአበባ ጉንጉን ይጠለቅለታል፣ ግንባሩ ላይ ቀይ ይቀባለታል፣ ጥሩ ምሳም ይቀርብለታል። ከዚህ የተነሣ የቦድሃ ውሻ ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ያለ ሰው ሲያይ ምግብ የሚጥልለት ይመስለዋል።

በአቅራቢያው ካለው አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሡት አውሮፕላኖች ወደ ዶሃ፣ ወደ ዱባይና ወደ ኩዌት ሥራ ፍለጋ የሚሄዱ ወጣቶችን ይጭናሉ። በቤሩትና በኩዌት ቤቶች ከኢትዮጵያውያን ጋር ጎን ለጎን ከሚሠሩት ሴቶች መካከል ኔፓላውያንም አሉ፤ አብዛኞቹ ሂንዱ ቢሆኑም ከመካከላቸው ለዚህ ስቱፓ መብራት የሚሳሉ አይጠፉም። ድሮ ለሂማላያ ነጋዴ ይቃጠል የነበረው የቅቤ መብራት ዛሬ ለባህረ ሰላጤው መንገደኛ ይቃጠላል። ቅቤው ራሱ በብዙ ቦታ በአትክልት ቅቤ ተተክቷል፤ ኑሮ ተወዶ ይሁን መብራቱ በዝቶ የጠየቀ የለም።

ለጎብኚ የሚሻለው ሰዓት ንጋት ወይም ምሽት ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ድንጋዩ ያቃጥላል፣ ከዞሪውም የሚበዛው ጎብኚ ነው። የሙሉ ጨረቃ ምሽት ሕዝቡ እጥፍ ይሆናል፤ በዚያ ቀን የተሠራ መልካም ሥራ ይበዛል ተብሎ ስለሚታመን መብራቱም እንደዚያው ነው። ኔፓላዊ ላልሆነ ሰው የመግቢያ ክፍያ አለ፤ ቲኬቱ የሚቆረጠው በሩ ላይ ነው። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይለበሳል፤ ገዳማቱ ውስጥ ለመግባት ጫማ ይወልቃል፤ የሚሰግድ ሰው ፊት ቆሞ ፎቶ አይነሣም። በዋናው መንገድ በኩል የገባ እንግዳ ስቱፓው ከፊቱ ሲገጥመው ወደ ግራ ይታጠፍ።